ማሽን ሊያይ የሚመጣው ሰውዬ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ

ይህ ደብተር የሥራ ነው። የግል ጉዳይ አይገባበትም።

ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ደበሌ ጋራዥ ድረስ በእግራቸው መጡ። በእግራቸው ከመጡ ነገር አለ ማለት ነው። ሰኔ 14 የሠራነው የውኃ ማጠራቀሚያ ሲመረቅ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ስድስቱ መኪኖቻችን ባቢሌ ድረስ ወጥተው ይቀበሏቸዋል።

"ጓድ መርሻ" አሉኝ፣ "እንግዶቹ ኮፈኑ ላይ ፊታቸውን አይተው ፀጉራቸውን እንዲያበጥሩ እፈልጋለሁ።"

እኔ የቀለም ክፍል ኃላፊ ነኝ። የክፍሉ ሠራተኛም እኔው ነኝ። ስድስት መኪና በጨርቅ ስወለውል ክንዴ ከትከሻዬ እንደሚለይ፣ የፖሊሽ ማሽን የግድ እንደሚያስፈልግ አስረዳኋቸው።

"መርጠህ አቅርብ፣ ይገዛል። መኪኖቹ ካላበሩ ግን ሀርሺን የተሽከርካሪ ኃላፊ አጥተው እየጮኹ ነው።"

ሀርሺን፣ ጠረፍ ላይ፣ ያለን አንድ መኪና ነው። እሱም ቀለም የለውም፤ ፀሐይ ልጦ ጨርሶታል። እዚያ ሄጄ ምን ልወለውል ነው? ደግሞ ከጅጅጋ መሄድ አልፈልግም። አየሩ ተስማምቶኛል።

ከተማው ውስጥ የማውቃቸው ማሽኖች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤልሚ ሱቅ ያለው አዲስ የጃፓን ማሽን ነው። ሁለተኛው የሟቹ የአቶ ዘነበ አሮጌ የጀርመን ማሽን ሲሆን ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተሥላሴ ቤት ተቀምጧል። ሁለቱም ፊታቸው እንደ ወፍጮ የሚሽከረከር ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ከተንቀሳቀሰ ቀለሙን ያበራል፤ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥላል። ስለዚህ ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልቸኩልም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ኤልሚ ጋ ሄድኩ። ማሽኑ ቀላል ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ገና ከፕላስቲኩ አልወጣም። ፍጥነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሩጫ። "ዋላሂ መርሻ፣ ይሄ ራሱ ይሠራል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ሻይ ትጠጣለህ" አለኝ ኤልሚ። ማሽኑ ራሱ ከሠራ መሥሪያ ቤቱ እኔን ለምን ይቀልበኛል? ይህን አነጋገሩን አልወደድኩለትም።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ለተሥላሴ ቤት ሄድኩ። ማሽኑ አልጋ ሥር፣ በሳንቃ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጃቸው እታገኘሁ በአንድ በኩል ይዛልኝ አወጣነው። ከባድ ነው፤ ሕፃን ያቀፉ ያህል ይሰማል። ሦስት ፍጥነት አለው። መያዣው እንጨት ነው፤ አቶ ዘነበ ሲይዙት ኖረው የጣታቸው ቦታ ሰርጉዶ ቀርቷል። የጅጅጋን ግማሽ መኪና የቀቡ ሰው ነበሩ። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ፊቱ ላይ የሚታሰረውን የበግ ፀጉር፣ እኛ ቆብ የምንለውን፣ ብል በልቶ ጨርሶታል።

እታገኘሁ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። ይህ ከማሽኑ ጋር ግንኙነት የለውም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

የጀርመኑን ሽቦ ማየት ረስቼ ነበር። ተመልሼ አየሁ። ሽቦው ደህና ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ሶኬቱን ማየት ረስቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ጓድ ደበሌ "መረጥክ?" አሉ። እያመዛዘንኩ ነው አልኩ። የጀርመኑ የሞተር ካርቦን ማለቅ አለማለቁን ሳላይ እንዴት ልወስን?

ማታ። አየሁት፤ አላለቀም። ስገባ ጎረቤታቸው ሳህራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "ያ ማሽን ሊያይ የሚመጣው ሰውዬ መጣ!" ብላ ተጣራች። ሰው በሥራው ሲታወቅ ደስ ይላል። እታገኘሁ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር።

"ማሽኑ ባለፈው ጊዜም ይኸው ነበር፣ አቶ መርሻ። አልተለወጠም።"

"ጥንቃቄ ነው" አልኳት።

"እርስዎ ጫማ ሲገዙም እንደዚህ ከሆኑ በባዶ እግርዎ መሄድዎ ነው።"

ስትናገር ፈገግ እንኳ አላለችም። እኔም ኮስተር አልኩ። ስመለስ ግን መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ የባንኩ ዘበኛ አየኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26፣ ፋሲካ

በበዓል ቀን የመብራቱ ኃይል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ማሽኑ ያን ይችል እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። መብራት አልነበረም። ወይዘሮ ለተሥላሴ "ከመጣህማ ትበላለህ" አሉኝና እስኪጨልም በላሁ። ማሽኑን አላወጣነውም። ሳላየው መቅረቴን ስወጣ ነው ያስታወስኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ኸሊፍ የጓድ ደበሌ ሹፌር ነው፤ የጅጅጋ ልጅ፣ ጓደኛዬ። ዛሬ ጎማ እየቀየረ ቀና አለና፦

"ወርያ መርሻ፣ የኤልሚን ማሽን ስንት ጊዜ አየህ?"

"አንዴ።"

"የዘነበንስ?"

ስቆጥር አይቶ "ሃዬ፣ ሃዬ፣ ተወው" አለና እየሳቀ ወደ ጎማው ተመለሰ። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅኩትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ጉድ ሆነ።

የጓድ ደበሌ ትዕግሥት አለቀ። ኤልሚን ከነማሽኑ አስጠሩትና "እዚሁ፣ በእኔ መኪና ላይ ሞክሩ!" አሉ። ጥቁሯ ቮልጋ ናት፤ ኸሊፍ በመሐረቡ የሚጠርጋት። ሠራተኛው ሁሉ ከበበን። ማሽኑን አስነሣሁት። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፤ እውነት ለመናገር ኮፈኑ ላይ የኤልሚ ጥርስ ሳይቀር ታየ። በዚህ መሀል ጓድ ደበሌ "ለመሆኑ ጓድ መርሻ፣ ይህን ሁሉ ሳምንት ምን ስታመዛዝን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ልመልስላቸው ዞር አልኩ። የምመልሰው ግን አጣሁ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ፤ ማሽኑም አብሮኝ ቆመ፤ ግን እየተሽከረከረ ነው። ሽታው ነው ያነቃኝ። መዳፍ የምታክል ክብ፣ ቀለሙ ነድዶ ላሜራው ነጭ ሆኖ ወጣ።

ኤልሚ ጎንበስ ብሎ አየና "ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ቀለሙ ነው ሰነፍ" አለ። ማሽኑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። ጓድ ደበሌ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ አስመጥተው ኮፈኑ ላይ አሳሰሩበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦

"ሀርሺን።"

እንግዲህ የጃፓኑ ከምርጫ ወጥቷል። በጣም አዝኛለሁ። እራቴን ጥግብ ብዬ በልቼ ተኛሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ለወይዘሮ ለተሥላሴ መሥሪያ ቤታችን ማሽኑን ሊገዛ እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አተኩረው አዩኝ።

"ማሽኑን ነው?"

"አዎ።"

"ማሽኑን ብቻ?"

"ሣጥኑንም ቢጨምሩበት ጥሩ ነው" አልኩ።

እታገኘሁ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ድስት ሲወድቅ ሰማሁ። ወይዘሮ ለተሥላሴም "አልሸጠውም" አሉ። "ዘነበ ሲሞት፣ ይህን ነገር ለባዳ እንዳትሰጪ ብሎኛል። የቤተሰብ ሰው ቢሆን ሌላ ነገር ነው።"

ቤት ከገባሁ ጀምሮ እያሰብኩ ነው። ከእታገኘሁ በቀር ቤተሰብ የላቸውም። እሷ መኪና አትቀባም። ታዲያ ማሽኑን የትኛው የቤተሰብ ሰው ሊይዘው ነው? ምንም አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ኸሊፍ መላ አመጣ። "ሽማግሌ ላክ። በእኛም በእናንተም እንቢ ያለ ሰው የሚለዘበው በሽማግሌ ነው።" ልክ ነው። ለምን ቀደም ብዬ እንዳላሰብኩት ገረመኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባሉ አቶ ደረጄ እሺ አሉኝ። ኦዳይ ባሬም እሺ አሉ፤ ኦዳይ በሶማሊኛ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እሳቸው ድሮ አፍደም ባቡር ጣቢያ የሠሩ፣ የአቶ ዘነበ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ ናቸው። ሦስተኛው ራሱ ኸሊፍ ነው፤ ገና ወጣት ቢሆንም ጢሙን ሊያሳድግ ቃል ገብቷል። ጉዳዩ የማሽን ጉዳይ መሆኑን ለሦስቱም ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው። አቶ ደረጄ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛም ወጣት ነበርን። ለእኛ ተወው፤ አንተ አትፈር" አሉኝ። ማሽን ስለፈለግኩ ለምን እንደማፍር አልገባኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ሄዱ። እኔ ከሳህራ አጥር ማዶ ሆኜ ጠበቅኩ። ሳህራ ሻይ ሰጠችኝ፤ እሷ ጾም ላይ ናት፤ እኔ ስጠጣ ግን እንደ ልጇ ታየኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቁጭ በሉ ሲባሉ አንቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። ወይዘሮ ለተሥላሴ አስቀምጠው ምግብ አቀረቡ። ኦዳይ ባሬና ኸሊፍ ረመዳን ይዘዋል፤ አቶ ደረጄ የሦስቱንም ድርሻ በሉ። ሲወጡ "የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን፤ ጥሩ ምልክት ነው" አሉኝ።

ሁለት ሳምንት! ለማሽን! ምረቃው እኮ ደረሰ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ወይዘሮ ለተሥላሴ በኸሊፍ በኩል ጥያቄ ላኩብኝ። አባትህ ማን ነው? የአባትህ አባትስ? በእናትህ በኩልስ እስከ ሰባት ቤት? ትጠጣለህ? ተደባድበህ ታውቃለህ?

ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። ሰባተኛው አያቴ ጋ ስደርስ ስማቸው ጠፋኝና ሰሜን ላለ አጎቴ ቴሌግራም ላክሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስገባ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም። ቢሆንም አልፈርድባቸውም። ኃይለኛ ማሽን ነው፤ ዝም ብሎ ለተገኘ ሰው አይሰጥም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እየዞሩ አዩኝ። ሳህራ መንገድ ላይ አግኝታ "መብሩክ!" አለችኝ። ገና አልተፈቀደልኝም አልኳት። "ይፈቀዳል፣ ይፈቀዳል፤ እናትየው በርበሬ እያስፈጨች ነው" አለች። ማሽንና በርበሬ ምን አገናኛቸው?

አጎቴ በቴሌግራም መለሰ፦ ሰባተኛው አያቴ ወልደ ገሪማ ይባላሉ። ከታች ደግሞ "እንኳን ለዚህ አበቃህ" ብሎበታል።

እሑድ፣ ግንቦት 24

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሄደው እየሳቁ ተመለሱ። አቶ ደረጄ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እሺ ብለዋል፤ ተፈቅዶልሃል" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁኑኑ ጋሪ ልጥራና ልውሰድ።"

የሦስቱም ሳቅ ቆመ። "ጋሪ?" አሉ አቶ ደረጄ።

"ነገ ጠዋት ሥራ መጀመር አለብኝ። ያውም ገና ቆብ የለውም።"

ኦዳይ ባሬ በሶማሊኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ። ኸሊፍ አልተረጎመልኝም። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"ወርያ፣ አንተ እውነት የማሽን ነገር ነው የምታወራው? እኛ እኮ ልጅቷን ነው የጠየቅነው! ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ልጅቷን ነው! ሽቦ ላይ፣ ሶኬት ላይ፣ ካርቦን ላይ፣ ፋሲካ እንኳ አልቀረህም! ዋላሂ ሰው አፍሮ እንጂ ለብረት እንዲህ ይመላለሳል ብለን አልጠረጠርንም!"

ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩበት የዘይት ቆርቆሮ ነበር።

ተቀብላለች ማለት ነው። እሷም ተጠይቃ እሺ ብላለች ማለት ነው። አረንጓዴው ሹራብ

አልጽፍም። የሥራ ደብተር ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ከሁሉ የከፋው ቀን።

እታገኘሁ ጋራዥ መጣች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጣቷ ላይ ጠመኔ አለ። የጋሪው ነገር ደርሷታል። ሠራተኛው ሁሉ መዶሻውን ይዞ ቆመ።

"ሽማግሌ የላክኸው ለማን ነው?" አለችኝ። አንተ አለችኝ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምትለኝ።

አንድ ሺህ ነገር ማለት እችል ነበር። ትክክለኛውን መልስ እየመረጥኩ ሳለ አፌ ቀደመኝ።

"ስልካቸውማ ለማሽኑ ነበር" አልኩ። እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። የቀረውን ግማሽ ላወጣው ስታገል እሷ "እሺ" ብላ ሄደች። እሺ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓት ሳይሞላ ጋሪ መጣ። ማሽኑ ከነሣጥኑ፣ ከነነጠላው። ባለጋሪው "እትዬ ለተሥላሴ፣ ያመጣህ ይኸው ነው፣ ውሰድ ብለውሃል" አለኝ።

ጓድ ደበሌ አይተው በጣም ደስ አላቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ማሽን አለ፣ ቆብ የለም። አንድ የበግ ቆዳ ከእርድ ቦታ አምጥቼ አልፍቼ፣ በክብ ቆርጬ አሰርኩበት። የእኛ በግ የደጋ በግ አለመሆኑን ረሳሁ፤ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው የጅጅጋ በግ እኮ ያለው አጭር ፀጉር እንጂ የሚፈተል ሱፍ አይደለም። ማሽኑን ሳስነሣው ፀጉሩ በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ተነሣ። ፖሊሽ የተቀባችው ላንድሮቨር በጉን ለበሰች። የእኔ ጢም ነጭ ሆነ። ኸሊፍ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ጢሜን አራገፈልኝ፤ እኔ እንዳልሳቅኩ አይቶ ነው መሰለኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 1፣ ዒድ

ኸሊፍ ቤት ተጋበዝኩ። ሥጋው ቀርቦ አልወረደልኝም።

"የፈለግከው ማሽን መጣልህ አይደል?" አለኝ።

"መጣልኝ።"

"ታዲያ ምነው ፊትህ እንደዚያች ቮልጋ ተቃጠለ?"

እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ደብተሩ እንደሆነ የሥራ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል። እወዳታለሁ። ሽቦውም ሶኬቱም ሰበብ ነበር። ለራሴም ዋሽቻለሁ፤ ያውም በጽሑፍ። ስትስቅ ማየት እፈልጋለሁ፣ ስትሰድበኝ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሀርሺንን የጠላሁትም በአየሩ አይደለም። ደደብ ነኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ማሽኑን መለስኩት።

ጋሪ አልጠራሁም። ታቅፌው ከጋራዥ እስከ ቤታቸው በገበያው መሀል ሄድኩ። ክንዴ ዛለ። ኤልሚ ከሱቁ ብቅ ብሎ "የእኔ ቀላል ነው ብዬህ ነበር!" አለኝ። በሩን የከፈተችው እታገኘሁ ናት። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"ይኼንን አልፈልግም" አልኳት።

"መሥሪያ ቤትህስ?"

"በጨርቅ እወለውላለሁ።"

"በጨርቅ አይደርስም። ሀርሺን ይልኩሃል።"

"ይላኩኝ። የመጣሁት ለአንቺ ነው። ድሮም ለአንቺ ነበር፤ ያልገባው ለእኔ ብቻ ነው።"

ይህን ስናገር ሳህራ አጥሩ ላይ ነበረች። ነገሩ የተደበቀ እንዲሆን አልፈለግኩም፤ ብፈልግም አይደበቅም። እታገኘሁ ማሽኑን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ፦

"ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው። በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደምትፈልግ አንተው በአፍህ ንገራቸው። በደንብ ንገራቸው።"

በሩን ዘጋች። ስትዘጋው ግን በቀስታ ነው የዘጋችው። ሳህራም "በቀስታ ነው" ብላ አረጋግጣልኛለች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አቶ ደረጄ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቤት ለአንድ ሰው ሁለቴ ሽማግሌ ሄጄ አላውቅም" ብለው ተቆጡ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ኦዳይ ባሬ "ልጁ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ግን ይገባዋል" ብለው አማለዱኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ወይዘሮ ለተሥላሴ ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ በደንብ አቆሟቸው። ቁጭ በሉም አላሉ፣ ምግብም አላቀረቡ። ኦዳይ ባሬ ጉልበታቸውን ሲያሹ ካየሁ በኋላ ከአጥር ማዶ ማየት ተውኩ። በመጨረሻ አቶ ደረጄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ "የመጣነው ለልጅዎ ለእታገኘሁ ነው! ብረት አንፈልግም! ቢሰጡንም አንወስድም!" አሉ።

ከውስጥ የሰማሁት የእታገኘሁን ሳቅ ነው። ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሺ ተባለ። ከሐዋርያት ጾም በኋላ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

በጨርቅ እየወለወልኩ ነው። አንድ መኪና አልቋል። ክንዴ የለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ማታ ላይ ያን ማሽኑን ያመጣውን ጋሪ እንደገና ሲመጣ አየሁት። ሣጥኑ ላይ ነጠላው አለ። ስከፍተው ማሽኑ ነው። ፊቱ ላይ ጥቁር ቆብ ታስሮበታል፤ ሥር ደግሞ ትርፍ ቆቦች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በእጅ፣ በጥንቃቄ የተሰፉ። ሱፉን ዳሰስኩት። በርኖስ ነው። አቶ ዘነበ ለቀብርና ለበዓል የሚለብሱት፣ ከመንዝ ያሠሩት ጥቁር በርኖስ። ወይዘሮ ለተሥላሴ ይህን ሁሉ ዓመት ሣጥን ውስጥ አኑረውት በመቀስ ቆረጡልኝ።

ባለጋሪው መልእክቱን በደንብ ይዞ መጥቷል፦ "እትዬ ለተሥላሴ፣ አሁን የቤተሰብ ሰው ነህ ብለዋል።"

አለቀስኩ። ፖሊሽ ዓይኔ ገባ አልኳቸው ለሠራተኞቹ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ስድስቱም አበሩ። የአቶ ዘነበን የጣት ቦታ ይዤ፣ በእሳቸው በርኖስ፣ በቀስታው ፍጥነት፣ አንድም ቦታ ሳልቆም። ጓድ ደበሌ ኮፈኑ ላይ ፀጉራቸውን አበጠሩ። ቀለም ከሐረር ስላልደረሰ የቮልጋዋ ክብ ብቻ በመፈክሩ ሥር እንዳለች ናት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

መኪኖቹ እያበሩ ባቢሌ ሄዱ። በኮረኮንቹ መንገድ፣ በነፋሱ መሀል፣ እንግዶቹን አጅበው ተመለሱ። ሲደርሱ ስድስቱም ከእንግዶቹ መኪና ጋር አንድ ቀለም ሆነዋል፦ አቧራ። ፊቱን ያየ እንግዳ የለም።

የባሰው ነገር ነፋሱ መፈክሩን ገንጥሎት መሄዱ ነው። ዋናው እንግዳ ከመኪና ሲወርዱ ቮልጋዋ ላይ ያለችውን ነጭ ክብ አዩና "ይህ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ጓድ ደበሌ ደረታቸውን ነፉ።

"በጦርነቱ ጊዜ የተመታችበት ነው። ለመታሰቢያ እንዲቀር ወስነናል።"

እንግዳው ክቧን በመዳፋቸው በክብር ዳበሷት። ፎቶግራፍ ተነሣ። ኸሊፍ ጆሮዬ ሥር "መኪናዋ የመጣችው እኮ ከጦርነቱ በኋላ ነው" አለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ጓድ ደበሌ አስጠሩኝ። ቮልጋዋ ላይ ያለችው ምልክት ከእንግዲህ እንዳትነካ አዘዙ። ቀጥለው አመሰገኑኝና አሳደጉኝ፦ የሀርሺን የተሽከርካሪ ኃላፊ።

"ስድስቱም መኪና እኮ አብርቶ ነበር!" አልኩት ኸሊፍን።

"ወርያ፣ ያቃጠልከው አንተ ነህ። ክቧ ታሪክ ሆና ስትቀር አቃጣዩ ከተማው ውስጥ ይዞራል እንዴ? ራቅ ማለት አለበት።"

ለእታገኘሁ መንገር ፈራሁ። ሄጄ ነገርኳት። ፈተና እያረመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ሀርሺን ትምህርት ቤት አስተማሪ ይጎድለዋል" አለች። "ባለፈው ሳምንት ነው ያመለከትኩት።"

"ባለፈው ሳምንት እኮ እኔ ገና አልተመደብኩም!"

"ጓድ ደበሌን አውቃቸዋለሁ። አንተንም አውቅሃለሁ።"

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ተጋባን። ኤልሚ ስጦታ አመጣ፦ የጃፓኑን ማሽን። ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ አሁን እማማ የምላቸው፣ አመስግነው መለሱለት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ወደ ሀርሺን የምንሄደው ዛሬ ነው። ኸሊፍ በፒክአፑ መጣ፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው ቦታ አንድ ነው። ዕቃው ከኋላ ተጫነ፦ አልጋ፣ ሣጥን፣ የእሷ መጻሕፍት። እኔ ሳላስበው፣ ከልማድ፣ ማሽኑን በነጠላው ጠቅልዬ ታቅፌ ሄጄ ከፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። በሩን ዘግቼ ስዞር እታገኘሁ ቆማ ታየኛለች። አረንጓዴውን ሹራብ ለብሳለች። ኸሊፍ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። እማማ ለተሥላሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳህራ አጥሩ ላይ ናት።

ማሽኑን አነሣሁና ከኋላ፣ ከአልጋው በላይ ጫንኩት። በሩን ከፈትኩላት።

"አቧራ ይገባበታል" አለች።

"ይግባበት" አልኩ፣ እኔም ከኋላ ወጣሁ። ሳህራ እልል አለች።